ጌራ የተሰፋው ኮት ጅማ ሲደርስ

ጌራ ገበያ በወጣሁ ቁጥር አንዱ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ያሳየኛል። ሌላው ደመና ሲያይ «ተማም፣ ኮቴን ላውልቅ ወይስ ይቆይ?» ብሎ ይጠይቀኛል። የሄድነው ሦስት ሰዎች ነን፣ የሚያወራው ግን አገሩ ሁሉ ነው፤ ሁሉም ከራሱ እየጨመረበት። ስለዚህ እኔ ልብስ ሰፊው ተማም፣ ከሦስቱ አንዱና ዋናው ጥፋተኛ፣ ነገሩን እንደነበረው በየቀኑ ከፍዬ ልጽፈው ተነሣሁ። ጅማን አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁም በዚያው ታዩዋታላችሁ፤ ዝናቡ እስካሳየን ድረስ ማለቴ ነው።

ጉዳዩ የወዳጃችን የታደሰ ነው። ታደሰ የክሊኒካችን ድሬሰር ነው። አገሩ ወሎ ነው፤ መንግሥት መድቦት ጌራ ከመጣ አራት ዓመት ሆኖታል። መርፌ ሲወጋ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ሴት ሲያናግር ግን ምላሱ ይተሳሰራል። አስቴር የምትባል የጅማ ልጅ ለመሠረተ ትምህርት ዘምታ ጌራ ስድስት ወር ስታስተምር፣ እሱ ስንት መጽሐፍ ያነበበ ሰው ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ከገበሬዎቹ ጋር «ሀ ሁ» ሲል ከረመ። ያኔ ነው ነገሩ የገባን። ልጅቷም አልጠላችውም።

ነሐሴ ሲገባ ደብዳቤ ጻፈችለት። የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ አባቷ ቤት መጥተዋል፤ አባቷም ሰኞ ጠዋት የመጨረሻውን መልስ እሰጣለሁ ብለው ቀጥረዋቸዋል። «የምትልከው ሰው ካለህ እስከ እሑድ ይድረስ» ይላል ደብዳቤው፤ «ከሰኞ በኋላ የእኔ ቃል አይሰማም።» ታደሰ ይህን አንብቦ ክሊኒኩ በር ላይ ከበሽተኞቹ ጋር ተሰልፎ ተቀመጠ። ወላጆቹ ወሎ ናቸው፤ ቢጽፍላቸው ወረቀቱ እስኪደርስ አስቴር የሌላ ሰው ልጅ ታቅፋለች። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እኛ ሆንን።

እኛ ማለት አንደኛ እኔ ነኝ። ሁለተኛው መምህር ግርማ ነው፤ የሸዋ ሰው ነው፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር የተነገረ አይመስለውም። እኔም ግርማም ገና ሽበት አላበቀልንም። ያለ ሽበት ደግሞ ልጅ አይጠየቅም፤ ስለዚህ አባ ማጫን ለመንናቸው። አባ ማጫ ቡናም ማርም ያላቸው፣ ቁመታቸው በር ጎንበስ የሚያስብል፣ ሆዳቸውም ከቁመታቸው የማያንስ የተከበሩ ሰው ናቸው። እሺ አሉ። ችግሩ ኮታቸው ነው። ቀፎ ሲያጨሱ የሚለብሱት ስለሆነ አንዱ ትከሻው ተቃጥሏል።

«በዚህ ኮት ልጅ ብንጠይቅ ንብ ነው የሚሰጡን» አልኳቸው።

«እንግዲያው ስፋልኝ» አሉ። «ግን ጥብቅ አድርገህ ስፋው፣ የምንሄደው ጅማ ነው።»

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ውሃ ውስጥ ያድራል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ሊሰበሰብ ያለው ያኔ ይሰበሰባል። ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው መጀመሪያ ያስጨበጡኝ መቀስ ሳይሆን ባልዲ ነበር። ግን ከኅብረት ሱቁ ያገኘሁት ግራጫ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ የደረሰኝ ሐሙስ ነው፣ የምንነሣው ቅዳሜ፣ ነሐሴ ላይ ደግሞ ጌራ ውስጥ ፀሐይ የሚባል ነገር በወሬ ካልሆነ አይታወቅም። በደረቁ ቆረጥኩት። ዓርብ ማታ ሲለብሱት እንዴት እንዳማረባቸው ብነግራችሁ አታምኑኝም። መምህር ግርማ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ሚኒስትር ይመስላሉ» አላቸው። እኔም ጌራ ውስጥ ከእኔ ወዲያ ሰፊ የለም ብዬ ተኛሁ።

ቅዳሜ

የይለፍ ወረቀቱን ከቀበሌ የተቀበልነው በማለዳ ነው። ሊቀ መንበሩ «ለግል ጉዳይ» ተብሎ አይጻፍም፣ ጉዳዩ ይገለጽ አለ። ተገለጸለት። እሱም «ሦስቱ ግለሰቦች ለጋብቻ ጉዳይ ወደ ጅማ ስለሚሄዱ እንዲያልፉ ይደረግ» ብሎ ጽፎ ማኅተሙን ሁለት ቦታ መታበት። መምህር ግርማ አንብቦት ቅር አለው፤ አጻጻፉ ሦስታችንም የምናገባ ያስመስላል አለ። ሊቀ መንበሩ የተመታ ማኅተም አይነሣም ብሎ መለሰን።

ላንድሮቨሩ ለዘጠኝ ሰው የተሠራ ነው፤ እኛ አሥራ ስድስት ነበርን፣ ዶሮዎቹን ሳይጨምር። አባ ማጫ ለልጅቱ አባት ብለው አንድ ትልቅ ቅል ነጭ ማር ይዘዋል። የጌራን ነጭ ማር ለማታውቁ፣ እንደ ቅቤ ረግቶ የሚቆረጥ ነው፤ ሌላ አገር ማር የሚሉት ቢጫ ውሃ ለእኛ ሕፃናት ሳል ሲይዛቸው የሚጠጡት ነው። ቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ተቀመጡ።

ጫካው ውስጥ ሦስት ቦታ ተያዝን። ጭቃው ቀይ ነው፣ ጎማ አንዴ ከያዘ አማች እንደያዘ ነው፣ አይለቅም። ወንድ ሁሉ ውረድና ግፋ ሲባል አባ ማጫን «እርስዎ ይቀመጡ» አልናቸው፣ እምቢ አሉ። ከሁለታችን በላይ የገፉት እሳቸው ናቸው። ዝናቡ በባልዲ እንደሚደፋ ይወርዳል፤ ግራጫው ኮት ጥቁር ሆነ። ግርማን ጠጋ ብዬ «ጨርቁን ውሃ አላሳየሁትም ነበር» አልኩት።

«ይኸው እያየ አይደል» አለኝ።

አጋሮ ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። አጋሮ ከጌራ የሚለየው መጀመሪያ በመብራቱ ነው፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ከጠለቀች ጎረቤትህን የምታውቀው በሳሉ ነው። ሁለተኛ ዳቦ አለ። ሦስተኛ፣ ዝናቡ ያው የእኛው ዝናብ ነው፤ ግን በቆርቆሮ ላይ ስለሚወርድ የበለጠ ይጮኻል። ያረፍነው እማማ ዘሀራ የሚባሉ ሴት ቤት ነው፣ አልጋ የሚያከራዩ። በሩ ላይ እንዳዩን ኪራይ ሳይሉ፣ ከየት መጣችሁ ሳይሉ፣ «ማሎ፣ እባካችሁ ግቡ፣ ግቡ፣ ወለሉ ይታጠባል፣ ሰው ነው የማይታጠበው» ብለው ወደ ከሰሉ ገፉን። ፍልሰታ ስለሆነ ለግርማ ብለው ለሁላችንም ሽሮና ጎመን አቀረቡ። ጾም እንዲህ ነው፣ ክርስቲያኑንና እስላሙን አንድ ገበታ ላይ ያስቀምጣል፣ የማን ሥጋ ነው የሚባል ነገር የለም። የራሳቸውን ብርድ ልብስም አምጥተው አባ ማጫ ላይ ጣሉ፤ እሳቸው በምን እንዳደሩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

«አባ ማጫ፣ ኮቱን ያውልቁና ላድርቀው» አልኳቸው።

«ወላሂ አላወልቀውም» አሉ። «ከስር ያለው ሸሚዝ ጀርባ የለውም፣ ሴትዮዋ ፊት አላወልቅም። በላዬ ይድረቅ።»

ከሰሉ አጠገብ ተቀምጠው ደረቁ። እንፋሎት ከትከሻቸው ይወጣ ነበር። እዚያው እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ እኔ ግን እጅጌውን ሳይ አመሸሁ።

እሑድ

ጠዋት ሲነሡ እጅጌው ከእጅ አንጓቸው በላይ ሦስት ጣት ወጥቷል። ኮቱ ወገባቸው ላይ እንደ መቀነት ተጣብቋል። ላውልቅ አሉ፤ የቁልፎቹ ቀዳዳ ጨርቁ ሲሰበሰብ ጠቦ ቁልፉን ነክሶ ይዞታል። ግርማ ሞከረ፣ እኔ ሞከርኩ፣ እማማ ዘሀራም በጥርሳቸው ሞከሩ። አራቱ ቁልፎች አልተነቃነቁም።

«ትንፋሽ ያስወጡ» አልኳቸው።

«አስወጥቼማ ነው ያለሁት» አሉ። «ወደ ውስጥ ማስገባቱ ነው ያስቸገረኝ።»

ቅደደው እንዳልል ሌላ የሚለብሱት የለም፤ ጀርባ በሌለው ሸሚዝ ልጅ አይጠየቅም። እማማ ዘሀራ ላስቲክ ሰጡን፣ ከዝናብ እንዲሸፍናቸው፤ ከደጅ ቆመውም «ልጅቷን ሳትይዙ በዚህ እንዳትመለሱ» አሉን። ይህ ምርቃት ይሁን ማስፈራራት አልገባኝም።

ወደ ጅማ የሚሄደው አውቶቡስ እንደ ጌራው ላንድሮቨር አይደለም፣ መስኮት አለው። አባ ማጫ እንደ ሰው ተቀመጡ። ሲቀመጡ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ የላይኛው ቁልፍ ተፈናጥሮ ከፊት የተቀመጡ አዛውንት ጆሮ አጠገብ አልፎ መስታወቱን መታ። ሰውየው ዞረው አላዩም፣ «የእግዚአብሔር ቁጣ ነው» ብለው አማተቡ። ቁልፉን ፈልጌ አገኘሁት፤ መርፌ ሁልጊዜ ኮሌታዬ ሥር አለ፣ ክር ግን አልያዝኩም። ግርማ ከጋቢው ጫፍ መዝዞ ሰጠኝና መልሼ ተከልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ግልጽ ሆነልን። ቆመው ከሄዱ ኮቱ ይችላል፣ ከተቀመጡ አይችልም። አባ ማጫ ከአጋሮ ጅማ ድረስ ምሰሶ ይዘው ቆሙ። የተቀመጥነው እኛ አፈርን፤ ተነሥተን ብንቆምም ለእሳቸው የሚጨምርላቸው ነገር የለም፣ ስለዚህ አፍረን ተቀመጥን።

ጅማ መግቢያ ኬላው ላይ ወረድን። እዚያ የሚፈለገው ቡና ነው፤ ከገጠር ቡና ደብቆ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው ይባላል። ጠባቂው ወረቀታችንን አነበበ። ዝናብ ነክቶት «ጋብቻ» ከሚለው ቃልና ከሁለቱ ማኅተሞች በቀር ብዙ አልቀረውም። ሦስታችንን በየተራ አየ። አባ ማጫ ላይ ቆየ፣ ቀጥ ብለው ስለቆሙ።

«ሙሽራው እሳቸው ናቸው?»

«ሽማግሌ ናቸው» አለ ግርማ።

«እሱንማ አየሁ» አለ ጠባቂው። ከዚያ ቅሉን አንሥቶ ነቀነቀው፣ ድምፅ የለውም። ከሥሩ ቡና አለ ብሎ ረጅም ዱላ እስከ ታች ሰደደበት። ዱላው ማር ሆኖ ወጣ። ጣቱን አስነክቶ ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰ። «ከሥር መኖሩን ለማረጋገጥ» ብሎ በሌላ በኩል ሰደደው። አራት ጊዜ ካረጋገጠ በኋላ አሳለፈን።

እንግዲህ ጅማ። ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ፤ ስለ ሄርማታ ገበያ፣ ስለ ጅሬን ቤተ መንግሥት፣ ስለ ፎቁ። ያየሁት ዝናብ ነው። አወይቱ ወንዝ ሞልቶ ድልድዩን ሊስም ትንሽ ቀርቶት ነበር። አንድ ነገር ግን እመሰክራለሁ፦ የጅማ ጭቃ ከእኛ ጭቃ ይሻላል፤ ጫማ ይዞ ይመልሳል፣ የእኛ ግን ይዞ ይቀራል። የአስቴር ሰፈር ሰቶ ሰመሮ የት ነው ብለን የጠየቅነው ሰው በረንዳ ሥር ተጠልሎ የነበረ ጫማ ሰፊ ነው። በአፍ ከማስረዳት ብሎ ሥራውን ጥሎ፣ ጃንጥላውን አባ ማጫ ላይ ዘርግቶ፣ እሱ እየረጠበ ግማሽ ሰዓት መራን። የእጅ ባለሙያ ነውና ኮቱን አይቶ ወደኔ ዘወር አለ።

«ይህን የሰፋው ሰው በሕይወት አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም።

አቶ በላቸው ቤት ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የአስቴር አባት ጡረታ የወጡ የመንግሥት ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ቀጭን፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ እንዳዩን «ምነው ልጆቼ፣ ወንዝ ነው የጣላችሁ?» ብለው ወንበር ሳቡልን። የጠላው ማሰሮም እዚያው አለ።

ደንቡን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። በሩ አጠገብ በረድፍ ቆምን። አቶ በላቸውም ነገሩ ገብቷቸው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። መምህር ግርማ ንግግሩን ከኪሱ አወጣ፤ ሁለት ሌሊት የጻፈው ነው። ቀለሙ ተደባልቆ ወረቀቱ ሰማያዊ ብቻ ሆኗል። ፊቱ ተለዋወጠ። ወረቀት የሌለው ግርማ የሚያውቀው ንግግር አንድ ብቻ ነው፣ የስብሰባው።

«የተከበራችሁ ጓዶች» ብሎ ጀመረ፤ «በዛሬው ዕለት እዚህ የተሰበሰብንበት ዓላማ...» በቃ፣ አገኘ፣ አላቆመም። ስለ ምርት አነሣ። ስለ አንድነት አነሣ። ወይዘሮ ጥሩነሽ የማጨብጨቢያው ቦታ የመሰላቸው ላይ አጨበጨቡ። አባ ማጫ ናቸው ያዳኑን።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አሉ፣ በአጭሩ፣ ሆዳቸው እየተያዘ። «ልጃችን ታደሰ ይባላል። እዚህ ዘመድ የለውም፣ እኛ ነን። በሽተኛ አይንቅም። ይኸው ነው፣ ጋሪዳ፣ ደግ ልጅ ነው።»

«እንግዲህ ተናገራችሁ፣ አሁን ተቀመጡ» አሉ አቶ በላቸው።

እኔና ግርማ ወንበሩን አየነው፣ ቀጥሎ አባ ማጫን። «መልስ ካላገኘሁ አልቀመጥም» አሉ አባ ማጫ። ምክንያቱን ሦስታችን እናውቃለን። አቶ በላቸው ግን ለባለቤታቸው «አየሽ?» አሉ። «እነዚያኞቹ የመጡበትን ሳይናገሩ ተቀምጠው ጠላ ጠየቁ። ደንብ የሚያውቅ ሰው ገጠር ነው የቀረው።» እኔ በልቤ አልሀምዱሊላህ አልኩ፤ ጥፋቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን ብዬ።

ቶሎ ብዬ ነው ያመሰገንኩት። አቶ በላቸው ተነሥተው መጥተው በአባ ማጫ ዙሪያ እንደ ርክክብ ዕቃ ዞሩ።

«ይህ ኮት አዲስ ነው አሮጌ?»

አባ ማጫ ወደኔ አላዩም። ስሜን ሊያድኑ ነው፣ አውቄያለሁ፤ በሙያዬ እንዳልዋረድ። «አሮጌ ነው» አሉ። «በጎልማሳነቴ ያሰፋሁት ነው። ሰውነቴ ነው የጨመረው።»

አቶ በላቸው ኮሌታውን በሁለት ጣት ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ፣ ልክ ስለካ ለጊዜው የሰፋሁት ነጭ ክር አለ፤ ሳልነቅለው ረስቼዋለሁ። ልብሱ ገና አዲስ እንደሆነ ለማወቅ ሰፊ መሆን አያስፈልግም።

«ሠላሳ ዓመት ዕቃ ስረከብ ነው የኖርኩት» አሉ። ድምፃቸው ተለውጧል። «ስለ ኮት እንዲህ የሚሉኝ ሽማግሌዎች ስለ ልጁ ያሉኝን በምን አምናለሁ? እነዚያኞቹም ልጁ የድንጋይ ቤት አለው ብለውኝ ሰው ልኬ ሳስጠይቅ ሣር ቤት ሆኖ ተገኘ።»

አባ ማጫ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። ያ የመሰለ ሰው በእኔ ምክንያት እንዲህ ሲሆን አየሁ። ክሊኒኩ በር ላይ ከበሽተኛ ጋር የተሰለፈው ታደሰ ትዝ አለኝ። ስሜ ቢጠፋ ጌራ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ከሰኞ በኋላ አስቴርን አያገኛትም።

«የሰፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ትናንት ወዲያ ማታ ነው ያለቀው። ጨርቁን ውሃ ሳላሳድር ቆረጥኩት፣ ፀሐይ የለም ብዬ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስለቸኮልኩና ስለኮራሁ። ዝናብ ሲመታው ተሰበሰበ። እሳቸው የማይቀመጡት ደንብ ስለሚያውቁ ብቻ አይደለም፣ ከተቀመጡ ቁልፉ ሰው ይመታል። የዋሹትም ለእኔ ብለው ነው።»

ግርማ ያኔ ነቃ መሰለኝ። «ልጁም ነውር የሌለው አይደለም» አለ፣ ያለ ወረቀት፣ ያለ ጓዶች። «ሴት ፊት ምላሱ ይተሳሰራል። ደመወዙን ለበሽተኛ ያበድርና አይጠይቅም። ያንኮራፋል፤ ግድግዳ ነው የምንጋራው። ቤቱ ደግሞ ሣር ቤት ነው።»

አቶ በላቸው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ሳቅ ነው፣ ድምፅ የሌለው የሽማግሌ ሳቅ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አስቴር!» ብለው ተጣሩ አቶ በላቸው ወደ መጋረጃው። «ሁሉንም ሰምተሻል። ምን ትያለሽ?»

ከመጋረጃው ኋላ የልጅቱ ድምፅ መጣ፦

«መቀስ ላምጣላቸው?»

መልሱ ይኸው ነበር፤ ይቀመጡ ማለቷ ነው። በቤቱ ውስጥ ነገሩ ያልገባው ሰው አልነበረም። አቶ በላቸው «እንግዲህ ሰጥቻለሁ» አሉ፤ አባ ማጫም በእፎይታ ይሁን በድካም ወንበሩ ላይ ዝርግፍ ብለው ተቀመጡ፣ አራቱም ቁልፎች አንድ ላይ ተለቀቁ። አንዱ ማሰሮው ውስጥ ገባ። መቀሱን ከአስቴር ተቀብዬ የኮቱን ጀርባ ከላይ እስከ ታች በስፌቱ ተረተርኩት። በገዛ እጄ የሰፋሁትን ስተረትር ያን ያህል ደስ ያለኝ ጊዜ የለም። ወይዘሮ ጥሩነሽ ጋቢ አለበሷቸው። ማሩ መጣ፣ አራቱ የዱላ ቀዳዳዎች ያሉበት፤ ገበታው ቀረበ፣ የጾም ነውና ሁላችንም አንድ መሶብ ላይ በላን።

አቶ በላቸው ሲጎርሱ ቆዩና «አንድ ቃል ብቻ» አሉ። «የሙሽራው ሱፍ ጅማ ይሰፋ።»

ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን አልዋሻችሁም፣ ከፋኝ። የታደሰን የሠርግ ልብስ ሌላ ሰው ሊሰፋው ነው። እጄን ከመሶቡ ሰበሰብኩ።

ሰኞ

ያደርነው እዚያው ነው፣ ልቀቁን ብንልም አልለቀቁንም። ጠዋት እነዚያኞቹ ሽማግሌዎች መጡ። አቶ በላቸው በክብር ተቀበሏቸው፣ ቁርስ አብልተው፣ ልጅቱ ቃሏን ሰጥታለች ብለው በትሕትና ሸኟቸው። አንዱ ሲወጣ የአባ ማጫን ኮት ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አይቶ ቆም አለ፤ ከጀርባው የተሰነጠቀ፣ የጅማ ዝናብ ጨምሮበት እጅጌው የልጅ የሆነ። ምን እንዳሰበ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ልንሰናበት ስንል ወይዘሮ ጥሩነሽ ወደ ጓሮ ጠሩኝ። አንድ ትልቅ ሳፋ ውሃ ሞልቶ ተቀምጧል፤ ውስጡ ጥቁር ሱፍ ጨርቅ ተነክሮ አድሯል። አቶ በላቸው ለአማቼ ብለው ከሳጥን ውስጥ ለዓመታት ያስቀመጡት ነው አሉኝ። ትናንት የተናገሩት እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። በሌሊት ተነሥተው ነው በገዛ እጃቸው የነከሩት።

አቶ በላቸው ከኋላችን መጡ። ፊቴን አላዩኝም፣ ሳፋውን ነው ያዩት።

«ውሃ አድሮበታል» አሉ። «ፀሐዩን ደግሞ አንተ ፈልግለት።»

ጨርቁን ጨምቄ በላስቲክ ጠቀለልኩት፣ በእማማ ዘሀራ ላስቲክ። ታላቋን ጅማ እንዲህ ሆነን ለቀቅናት፦ ግርማ ባዶ ቅል ይዞ፣ አባ ማጫ የወይዘሮ ጥሩነሽን ጋቢ ደርበው፣ ከሥሩ ግን ያን ኮት ለብሰው። ጣሉት ብንላቸው ልጅ ያስገኘ ኮት አይጣልም አሉ። ከኋላ ክፍት ስለሆነ እንደ ልባቸው ይቀመጣሉ፤ በአጋሮው አውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ ዝናቡን እያዩ፣ እንደ ንጉሥ። ጭኔ ላይ ያለው ጥቅል ይንጠባጠባል፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እግራቸውን ሦስት ጊዜ አነሡ።

ኬላው ላይ ያው ጠባቂ ገባ። ቅሉን አየ፣ ባዶ መሆኑን ሲያውቅ አዘነ። ቀጥሎ ጥቅሉን ነካ፣ እጁ ረጠበ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የሙሽራ ሱፍ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ነከራችሁት?»

አባ ማጫ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። እጅጌው ክርናቸው ላይ አበቃ። ጠባቂው እጅጌውን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እጅጌውን አየ።

«እለፉ» አለ።